ከሦስት እግር መልስ የለም

ዲሴምበር 2፣ ቅዳሜ

ቦሃይ ዛሬም አረፈደ። በጠረጴዛ ጨዋታ ሱቁ በር ላይ «ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ» ብሎ በገዛ እጁ ጽፎ፣ እሱ ጃንጥላውን እያራገፈ ብቅ ያለው ስምንት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ የምንጫወተው እኔ፣ ጂንግዌንና መምህር ፓን ከጎን ካለው የዓሣ ሾርባ ቤት በረንዳ ሥር ተጠጋግተን ቆመን ነበር። የዛሬው ሰበብ ጥርሱ ነው። ያለፈው ሳምንት የአክስቱ ልጅ ሰርግ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የመኪና ጎማ። መምህር ፓን በሰባ አንድ ዓመታቸው ብርድ ላይ መቆማቸው አናዶኝ ልናገረው አፌን ስከፍት፣ ከኮቱ ኪስ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት አውጥቶ ለእሳቸው ሰጣቸው። እንዲህ ያለውን ሰው በምን አንደበት ይቆጡታል?

የሱቁ ስም «ሁለተኛ ፎቅ» ነው። ያለው ግን ምድር ላይ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከፎቅ ሲወርድ ስሙን መቀየር ረሳ።

«የፋኖስ ደሴት» መቼ እንደሚወጣ ጂንግዌን ዛሬ ጠዋት በቅዳሜ ተጫዋቾች የስልክ ቡድናችን ውስጥ ጠየቀች። የጨዋታውን ደንብ ከጃፓንኛ ተርጉሜ ለአሳታሚዎቹ የላክሁት ኖቬምበር አሥር ላይ ነው። አሳታሚዎቹ፣ «ሦስት እግር»፣ ባልና ሚስት ናቸው፤ ዌይሺንና ሻውቲንግ። ሉኦዶንግ ከተማ በቤታቸው ሳሎን ሆነው ነው የሚሠሩት። ሌላ ጊዜ በማግሥቱ ይመልሱልኛል፤ ሻውቲንግ ስለ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሦስት ደብዳቤ የምትጽፍ ሴት ናት። ስለዚህ እኔም እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «ከሦስት እግር ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ የለም። እንደ ሌሎቹ ባይሆኑ ጥሩ ነው።» ዘንድሮ ሁለት አሳታሚዎች መዝጋታቸውን ሁሉም ያውቃል።

ሱቁ ሲከፈት ካርታ በወዝኩ። ሁለት ጊዜ አሸነፍኩ። ቦሃይ ሆን ብሎ ነው የተሸነፈልኝ የሚል ጥርጣሬ አለኝ።

ዲሴምበር 5፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ በሱቁ በኩል አለፍኩ። ዝግ ነው። በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ!

ለእማዬ ዓሣ ልገዛ ስለነበር ነው በዚያ ያለፍኩት። እማዬ ዓሣው ያለው በሌላ በኩል ነው አለች። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ምንም ነገር አያመልጣትም።

ዲሴምበር 9፣ ቅዳሜ

ጂንግዌን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ናት። ሰው መድኃኒቱን እስኪቀበል ሁሉንም ይነግራታል፤ እሷም የሰማችውን ሳታስቀር ታመጣልናለች። ዛሬ ያመጣችው፦ ሦስት እግር ሠራተኞቹን አሰናብቷል። መምህር ፓን የትኞቹን ሠራተኞች ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ሳቅን፤ ከባልና ሚስቱ ሌላ ያለችው አንዲት ድመት ናት።

ቦሃይ ግን አልሳቀም። ጀርባውን ሰጥቶን ሣጥኖች ሲደረድር ቆየ። የደረደረውን መልሶ አፈረሰና እንደገና ደረደረ።

ዲሴምበር 13

ወደቡ ላይ ሁለት ፈረቃ በተከታታይ። ወደ ማትሱ ደሴቶች የሚሄደው መርከብ በማዕበል ዘገየ። በድምፅ ማጉያው አሥራ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከሦስት እግር ዛሬም ምንም የለም። ደወልኩ፤ አይነሳም። ጎሮሮዬ ደርቋል።

ዲሴምበር 16፣ ቅዳሜ

ነገሩ ገነፈለ። የተጫዋቾች የኢንተርኔት መድረክ ላይ ስሙን ያልገለጸ አንድ ሰው፣ ሦስት እግር ሊዘጋ እንደሆነ «ከውስጥ የሚያውቅ ሰው» አረጋግጧል ብሎ ጽፏል። ከሥሩ መቶ ሰባ መልስ አለ። አንዱ ባልየው ወደ ውጭ አገር ኮብልሏል ይላል፤ ሌላው ባልና ሚስቱ ተፋተዋል ይላል። ታይፔ ያሉ ሁለት ሱቆችና ታይቹንግ ያለ አንድ ሱቅ የፋኖስ ደሴትን ትዕዛዛቸውን ሰርዘዋል። ማተሚያ ቤቱ ደግሞ ነገሩ እስኪጣራ ሥራውን አቁሟል አሉ።

ይህ ከውስጥ የሚያውቅ የተባለው ሰው ምን ዓይነት ሰው ይሆን? ሰው እንዴት የሰው እንጀራ ላይ እንዲህ ይቀልዳል? ጂንግዌንም እንደኔ ተናደደች።

ከሁሉም ሱቆች አብልጦ ያዘዘው ቦሃይ ነው፤ ስልሳ ሣጥን። ሁሉም እሱ ቀድሞ ይሰርዛል ብሎ ነበር፤ በቃሉ የሚገኝ ሰው አይመስላቸውምና። ጂንግዌን ትሰርዛለህ ወይ አለችው።

«ትዕዛዙን የጻፍኩበት ወረቀት ጠፍቶብኛል» አለ። «የጠፋ ነገር እንዴት ይሰረዛል?»

እስኪያመን ሳቅን። ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ወረቀቱ ከገንዘብ መቀበያው በላይ በሚስማር ተሰክቶ አይቼዋለሁ።

ዲሴምበር 19፣ ማክሰኞ

ዛሬም ዝግ። የዓሣ ሾርባ ቤቷ ባለቤት ጎድጓዳ ሳህን እያጠበች ጠራችኝ። ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። ቦሃይ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ጠዋት ፀጉሩን አበጥሮ፣ የምግብ መያዣ ፔርሙስ አንጠልጥሎ ባቡር ይሳፈራል።

«ሾርባውን ከኔ ነው የሚገዛው። ቅመም አይብዛ፣ ለደካማ ሰው ነው ይላል። ቁማር የሚሄድ ሰው ሾርባ ይዞ አይሄድም፤ ሴት ብትኖር ነው» አለችኝ።

የራሱ ጉዳይ። ሃምሳ ዓመት የሞላው፣ ሚስት የሌለው ሰው ነው፤ ለማን ሾርባ እንደሚወስድ ለኔ ማስረዳት የለበትም። ሱቁን በሰዓቱ እንዲከፍት መጠየቅ ግን እንደ ደንበኛ መብቴ ነው። የተናደድኩት በሰዓቱ ብቻ ነው። ፀጉሩን ማበጠር መቻሉም አስገርሞኛል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ለኛ አበጥሮ አያውቅም። ደካማ የተባለችው ምን ሆና ነው? ታማ ከሆነ ያሳዝናል። ካልታመመች ግን... ምን እያልኩ ነው።

እማዬ እራት ላይ ለምን እንደማልበላ ጠየቀችኝ። ጎሮሮዬን አመመኝ አልኳት። «ጎሮሮሽ ያለው ከፍ ብሎ ነው፤ አንቺ እጅሽን የጫንሽው ዝቅ ብሎ ነው» አለች።

ዲሴምበር 23፣ ቅዳሜ

ክፉ ሆኜ ዋልኩ። ቦሃይ ሻይ ሲቀዳልኝ፣ ሾርባ የለህም ወይ አልኩት። ጆሮው ቀላ። መምህር ፓን ወደኔ አዩ፣ ወደሱ አዩ፣ ከዚያ መነጽራቸውን ይወለውሉ ጀመር።

ስወጣ ጃንጥላዬን ረስቼ ነበር። ተከትሎኝ በዝናብ ሮጦ ሰጠኝ። አመሰግናለሁ ማለት ይገባኝ ነበር።

ዲሴምበር 27፣ ረቡዕ

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ከፋኖስ ደሴት ፈጣሪ ከአቶ ኦኩዴራ ደብዳቤ መጣልኝ። በሰሜን ጃፓን የሚኖሩ ጡረተኛ የባሕር መብራት ማማ ጠባቂ ናቸው፤ ይህን ጨዋታ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተውበታል። በጣም ጨዋ ሰው ናቸው። ወሬው እሳቸው ዘንድ ደርሷል። እውነት ከሆነ ጨዋታቸውን ከሦስት እግር መልሰው ሊወስዱ ያስባሉ፤ ግን ሰውን ያለ ማስረጃ መጠርጠር አይፈልጉም። የወሬው ምንጭ ነው የተባለውን ጽሑፍ ፎቶ አንድ ሰው ልኮላቸዋል። ቻይንኛ ስለማያነቡ፣ እኔ ታማኝ ተርጓሚያቸው ስለሆንኩ፣ ምን እንደሚል ብተረጉምላቸው ውለታዬን አይረሱም።

ፎቶውን ከፈትኩት። የጸሐፊው ስም በጥቁር ተሰርዟል።

«ከሦስት እግር ሦስት ሳምንት ሙሉ መልስ የለም። እንደ ሌሎቹ ባይሆኑ ጥሩ ነው።»

ዲሴምበር 28

አልተረጎምኩም። ለአቶ ኦኩዴራ ሥራ በዝቶብኛል ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ቁጥር ስንት?

የጻፍኩት ለቡድናችን አምስት ሰው ነው። ለአምስት ሰው ብቻ። ደግሞም ውሸት የለበትም፤ መልስ አልነበረም። ይህን ሁሉ ለራሴ እየደጋገምኩ የመርከብ ሰዓት ስናገር ዋልኩ። አንዱን መርከብ በሌላው ስም ጠራሁ።

ዲሴምበር 30፣ ቅዳሜ

ሱቅ አልሄድኩም። ጉንፋን ይዞኛል አልኳቸው። ቦሃይ ደወለ፤ አላነሳሁም። ከዚያ በቤታችን ስልክ ደወለ፤ እማዬ አነሳች። ሃያ አምስት ደቂቃ ስለ ዓሣ አወሩ። ስትጨርስ «ይህ ሰው ዓሣ አያውቅም፤ ግን ለመማር ፈቃደኛ ነው» አለችኝ።

ከዚያ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ አላጽናናችኝም። ሰዎቹ የት ነው የሚኖሩት ብላ ብቻ ጠየቀች። ሉኦዶንግ አልኳት። ባቡር አለ አይደል አለች።

ጃንዋሪ 2፣ ማክሰኞ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፍ።

የጠዋቱን ባቡር ይዤ ሄድኩ። የሦስት እግር ቤት ተቆልፏል፤ የፖስታ ሣጥኑ ሞልቶ ደብዳቤ ወደ ውጭ ይፈሳል። ድመቷ በመስኮት አየችኝ። ጎረቤታቸው አሮጌ ሴትዮ፣ ዘመድ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ሆስፒታል ናቸው አሉኝ። ልጁ ከኖቬምበር ጀምሮ እዚያ ነው።

የምን ልጅ? ለመጨረሻ ጊዜ በአካል ያየኋቸው ጁን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተገናኘነው በነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው።

የሆስፒታሉ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ሰማያዊ ወንበር ላይ፣ ፔርሙሱን ጉልበቱ መሐል ይዞ ቦሃይ ተቀምጧል። ፀጉሩ ተበጥሯል። ሲያየኝ አልደነገጠም፤ የጎኑን ወንበር በእጁ ጠረግ አደረገልኝ።

የነገረኝ ይህ ነው። ልጁ የተወለደው በሃያ ዘጠኝ ሳምንት እርግዝና፣ ኖቬምበር አሥራ ሦስት ቀን፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ፣ በማሽን ነው የሚተነፍሰው። ዌይሺን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከቤቱ ተጣልቶ ቦሃይ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ የተኛ ልጅ ነበር፤ ለቦሃይ እንደ ታናሽ ወንድም ነው። ሐኪሞቹ ይተርፋል እስኪሉ ለማንም እንዳይናገር ባልና ሚስቱ አስማሉት። እሱም ዓርብ ሄዶ ቅዳሜ ስለሚመለስ፣ ሲያረፍድ ጥርሱን፣ ጎማውንና የአክስቱን ልጅ ማመካኛ አደረገ። ወሬው ሲነሳ ሁለት ጊዜ መድረኩ ላይ ውሸት ነው ብሎ ጽፎ ነበር። አንተ መጀመሪያ ሱቅህን በሰዓቱ ክፈት አሉት፤ ማንም አላመነውም።

ያን ጊዜ ነገርኩት። «ከውስጥ የሚያውቀው ሰው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ስልኬ ላይ አለ እኮ፤ እኔም የቡድኑ አባል ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

ፔርሙሱን ከፍቶ ዘጋው። «ብነግርሽ ቅዳሜ አትመጪም ነበር።»

የፔርሙሱን ክዳን አጠበቅሁለት። 

ሻውቲንግ ከክፍሉ ወጣች፤ የፊት መሸፈኛዋን ዝቅ አደረገች። ከስታለች። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡድኑን፣ ፎቶውን፣ አቶ ኦኩዴራን። ግድግዳውን ተደግፋ ሰማችኝና እንዲህ አለች፦

«እትዬ ሩዪ፣ ዛሬ ልጄ አሥር ደቂቃ ሙሉ ያለ ማሽን ተንፍሷል። ለመቆጣት ጉልበት የለኝም። ሌላ ቀን እቆጣሻለሁ።»

የቦሃይን ፔርሙስ ተቀብላ ገባች። ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እሱ ተኛ። ጭንቅላቱ ትከሻዬ ላይ ሲወድቅ ላንቀሳቅሰው ይገባ ነበር፤ ግን ደክሞታል።

ጃንዋሪ 3

ለአቶ ኦኩዴራ ፎቶውን ቃል በቃል ተርጉሜ ላክሁ። ከሥሩ፦ «ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሳላውቅ የጻፍኩት ግምት ነው። አሳታሚዎቹ ለሁለት ወር ዝም ያሉት በቤተሰባቸው ጉዳይ ነው፤ ዝርዝሩን መንገር የኔ ድርሻ አይደለም።»

መድረኩ ላይም በሙሉ ስሜ፣ ፋንግ ሩዪ ብዬ ጻፍኩ። ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ያለሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ምንም አላውቅም ነበር። ከላክሁ በኋላ ስልኬን ሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ከተትኩት።

ጃንዋሪ 6፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። እግሬ እምቢ እያለኝ ሄድኩ። መድረኩ ላይ ሦስት መቶ ሰው ሰድቦኛል፤ አንዳንዱ ስድብ ትክክል ነው። ጂንግዌን ዓይኗ አብጦ ነበር የጠበቀችኝ። ጽሑፌን ለእህቷ ባል ያሳየችው እሷ ናት፤ ፎቶ ያነሳው እሱ ነው። «እኔም እኮ ሠራተኞቹን ጨመርኩበት» ብላ አለቀሰች።

መምህር ፓን አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሁለታችንንም አይተው፣ አንድ ልጅ ብቻ ሲያጠፋ ጥግ ያቆሙ እንደነበር፣ ሁለት ሲሆኑ ግን ጥቁር ሰሌዳ ያስጠርጉ እንደነበር ነገሩን። እኔና ጂንግዌን የቦሃይን መደርደሪያ ስንጠርግ ዋልን። ያ መደርደሪያ ከተሠራ ተጠርጎ አያውቅም።

ጃንዋሪ 14

የአቶ ኦኩዴራ መልስ፤ ሁለት መስመር። «ትርጉሙን እስከ መጨረሻው ስላደረሱልኝ አመሰግናለሁ። ጨዋታው እዚያው ይቆይ።»

ከሰረዙት ሱቆች አንዱ ተመልሷል። ሁለቱ እናያለን ብለዋል። ማተሚያ ቤቱ ሥራውን ሊጀምር ነው፤ ግን ከታሰበው ቅጂ ግማሹን ብቻ ነው የሚያትመው። ያ ግማሽ በኔ ምክንያት የጎደለ ነው። ሌላ የማስበው ሰበብ የለኝም።

ጃንዋሪ 22፣ ሰኞ

ዕረፍት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ከሻውቲንግ። ሰላምታም የለውም፦

«ገጽ ስድስት፣ ሦስተኛው መስመር። ነጠላ ሰረዙ አያስፈልግም።»

መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ነጠላ ሰረዙ ለምን እንደሚያስፈልግ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት።

ጃንዋሪ 27፣ ቅዳሜ

ልጁ ቤቱ ገባ! ቦሃይ አሁን መናገር ተፈቅዶለት ለሁላችንም ነገረን። ጂንግዌን ለማን ልንገር ብላ ስልኳን አወጣች፤ አሰበችና መልሳ ከተተችው።

ስንበታተን ቦሃይ እስከ ቤት ሸኘኝ። በር ላይ ማክሰኞ ሉኦዶንግ እንደሚሄድ፣ ሁለት ቲኬት በስህተት እንደቆረጠ ነገረኝ። ፈረቃዬን ማየት አለብኝ አልኩት።

እማዬ በመስኮት ብቅ ብላ «እኔ አይቼዋለሁ፤ ማክሰኞ ሥራ የላትም» አለችው።

ጃንዋሪ 30፣ ማክሰኞ

ሄድን። ባቡሩ ውስጥ ቦሃይ አልተኛም፤ እኔም። ስለ ምን እንዳወራን አልጽፍም።

ቤቱ ካርቶን በካርቶን ነው። ዌይሺን ሽንት ጨርቅ ትከሻው ላይ ጥሎ የፋኖስ ደሴትን የእንጨት ጠጠሮች በከረጢት ይሞላል። ቦሃይ ሳይጠየቅ ጎኑ ተቀምጦ ከረጢቱን ያዘለት። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ ጫማዬን ማውለቅ እንኳ ረስቻለሁ።

ሻውቲንግ ልጁን አቅፋ መጣች። ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ግራም። ትንሽ ጨቅጫቃ ፊት አለው፤ እናቱን ነው የሚመስለው።

«ልቆጣሽ ቀን ቀጥሬ ነበር» አለችኝ። «ዛሬ ነበር።»

«ዝግጁ ነኝ» አልኳት።

ልጁን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው።

«እጅሽን ታጥበሻል?»

«ገና ነኝ።»

«ታጠቢና ነይ። ክንዴ ዝሏል።»

ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ስመለስ አስታቀፈችኝ። ምንም አይከብድም፤ ግን እስክንወጣ ድረስ ከተቀመጥኩበት ንቅንቅ አላልኩም። ጣቴን ያዘ። አጠገባችን ሦስቱ ሰዎች ጠጠር ይቆጥራሉ፤ ዌይሺን ቁጥር ይስታል፤ ሻውቲንግ ታርመዋለች፤ ቦሃይ ጠጠሩን ትቶ እኛን ያያል።

ማታ ቤት እንደገባሁ ቡድኑ ውስጥ ጂንግዌን እንዴት ነበር፣ ምን አዲስ ነገር አለ ብላ ጠየቀች። ብዙ ነገር ነበረኝ። ይህን ያህል ብዙ ነገር ኖሮኝ አያውቅም።

«ሁሉም ደህና ናቸው» ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም።